የተቆለፈ ዕቃ፣ ክፍት ሶፍትዌር፦ የቱን እንግዛ?

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ጎረቤቴ አዲስ ራውተር ከነካርቶኑ ይዞ ከአራተኛ ፎቅ ወረደ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። በብሎካችን ዋይፋይ ሲጠፋም፣ ስልክ ሲቆለፍም፣ ቲቪ አልከፍት ሲልም የሚንኳኳው የኔ በር ነው። ሰውዬው ካርቶኑን ከፍቶ አራት ቦታ የታጠፈች ስስ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። በእንግሊዝኛ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል የተጻፈች ናት። ዕቃው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም የሚታይ) እንደያዘ፣ ኮዱን የሚፈልግ ሰው ጽፎ ቢጠይቅ ለሦስት ዓመት ያህል እንደሚላክለት ትናገራለች።

«እንግዲህ ክፍት ነው ማለት ነው። ያንን ያንተን ሶፍትዌር ጫንልኝ» አለኝ።

ያንተ የሚለው ኦፕንደብሊውአርቲን ነው፣ ራውተር ላይ በፋብሪካው ሶፍትዌር ፈንታ የሚጫን ክፍት ሶፍትዌር፣ እኔ ቤት አይቶት። ልጭንለት ግን አልቻልኩም። አዲሱ ራውተር የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ሶፍትዌር አይቀበልም። የሚገርመው፣ ውስጡ የሚሠራው ሊኑክስ የሚባለው ክፍት ሲስተም ነው፤ እኔ ልጭንለት ያሰብኩትም ሊኑክስ ነው። አንድ ዘር ናቸው። ሰውዬው ግራ ገባው፣ እኔም አልፈረድኩበትም። ክፍት የተባለ ነገር እንዴት ተቆልፎ ይሸጣል?

ለሱ በአፍ ያስረዳሁትን እዚህ ላስፍረው፤ ራውተር፣ ስልክ፣ ቲቪ ወይም ካሜራ ልትገዙ ላላችሁ ሳይጠቅም አይቀርም። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከምን ከምን ነው የምንመርጠው?

ገበያ ላይ ያለው ዕቃ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ሶፍትዌሩም ዝግ፣ ዕቃውም የተቆለፈ። ውስጡ ምን እንዳለ አታውቁም፣ መቀየርም አትችሉም። ሦስተኛው (ሁለተኛውን ላቆየው) ሶፍትዌሩም ክፍት፣ ዕቃውም ክፍት። ኮዱን ታዩታላችሁ፣ ትቀይራላችሁ፣ የቀየራችሁትን መልሳችሁ ትጭናላችሁ።

ነገር ያለው መሀል ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ክፍት፣ ዕቃው ግን የተቆለፈ። ይህ ማለት አከራያችሁ የቤቱን ፕላን ሰጥቷችሁ ቁልፉን ኪሱ እንዳስቀረው ነው። ግድግዳው የት እንደቆመ፣ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ታያላችሁ፤ በሩ ግን አይከፈትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የጎረቤቴ ራውተር እዚህ ውስጥ ነው። የኪሳችሁ አንድሮይድ ስልክ ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው። ሳሎን ያለው ስማርት ቲቪም እንደዚሁ።

ስለዚህ የሰዎች ጥያቄ «ክፍት ምንጭ ነው ወይ?» መሆኑ ትንሽ ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚለው ነው።

ነገሩ ከየት መጣ?

በ1999 አሜሪካ ውስጥ ቲቮ የሚባል የቲቪ ፕሮግራም መቅጃ ሳጥን ወጣ። ውስጡ ሊኑክስ ነበር። የሊኑክስ ፈቃድ ጂፒኤል ሁለተኛው ዕትም ነው፣ የ1991። ይህ ፈቃድ ሶፍትዌሩን በዕቃህ ውስጥ አድርገህ ስትሸጥ ኮዱንም ለገዢው ስጥ ይላል። ቲቮም ኮዱን ሰጠ። ግን ሳጥኑ ሲነሳ ፊርማ ይፈትሻል፤ አንድ መስመር እንኳ ከቀየራችሁ አይነሳም። ፈቃዱ በፊደሉ ተከበረ፣ ተጠቃሚው ግን ባዶ እጁን ቀረ።

የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ለዚህ አሠራር «ቲቮይዜሽን» የሚል ስም አወጣለት። ከዚያ ሰኔ 29 ቀን 2007 ሦስተኛው ጂፒኤል ወጣ። ለቤት መገልገያ የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ ኮዱ ብቻ አይበቃም፣ የተቀየረውን ኮድ ዕቃው ላይ ለመጫን የሚያስፈልገውን መረጃ ጨምር አለ። ቁልፍም ቢሆን። እኔ የምወድለት ነገር ፍትሐዊነቱን ነው፤ አምራቹ ራሱ ሶፍትዌሩን መቀየር የሚችል ከሆነ ገዢውም ይችል፣ ማንም ሊቀይረው በማይችል ቺፕ ላይ ከተቃጠለ ደግሞ ግዴታው የለም። የቀየራችሁት ሶፍትዌር ላይ ዋስትና የመስጠት ግዴታም አልጫነበትም። ኔትወርክ የሚያውክ ለውጥ ካደረጋችሁ ከኔትወርኩ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

የሊኑክስ ጀማሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ግን አልተቀበለውም። የሱ ሐሳብ ባጭሩ፣ ኮዴን አሻሽለህ የተሻሻለውን መልስልኝ እንጂ ዕቃህን እንዴት እንደምትሠራ አልነግርህም የሚል ነው። ሊኑክስ እስከዛሬ በሁለተኛው ጂፒኤል ላይ ነው። ራውተሩም፣ ስልኩም፣ ቲቪውም ተቆልፈው ሊኑክስ የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚከለክላቸው የለም።

ታዲያ የተቆለፈ ዕቃ ክፍት ሶፍትዌር ባይጠቀም ይሻላል?

«ማታለል ነው፣ ዝግ ከሆነ ዝግ ይባል» የሚሉ አሉ። ንዴቱ ይገባኛል። እኔ ግን ይጠቀም ባይ ነኝ፣ ምክንያቴም አንድ ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ነው።

በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ የሚባል ራውተር አወጣ። ሰዎች ፈታተው ውስጡ ሊኑክስ እንዳለ ደረሱበት። ኮዱ ግን አልወጣም ነበር፤ በጂፒኤል ግዴታ አለብህ ብለው ጨቀጨቁ። በ2003 ኮዱ ወጣ። እሱን ይዘው በ2004 ኦፕንደብሊውአርቲን ጀመሩ። የስሙ የመጨረሻ ፊደላት የተወሰዱት ከዚያ ራውተር ነው። ያ ሶፍትዌር ዛሬ እኔ ቤት፣ ከቲቪው ጀርባ፣ ዲቫይደሩ አጠገብ አቧራ ለብሶ ይሠራል። በሌላ አነጋገር ያኔ አምራቹ ዝግ ሶፍትዌር ተጠቅሞ ቢሆን ይሄ ሁሉ የለም።

ፕላኑ እጃችሁ ካለ አንድ ቀን በር ይገኛል። ቁልፍ ይሾልካል፣ ፍርድ ቤት ይፈርዳል፣ አምራቹ ሐሳቡን ይቀይራል። ዝግ ከሆነ ግን ድርጅቱ የዘጋ ዕለት ዕቃውም አብሮ ያልቃል።

በሌላ በኩል አምራቾችም በፈቃድ አይያዙም፣ ይሸሻሉ። አፕል ባሽ የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም ለዓመታት በዕትም 3.2 ላይ አቆመው፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ዕትም በሦስተኛው ጂፒኤል ነው የመጣው። በ2019 ጭራሽ በምትኩ ዚሼል የሚባለውን መደበኛ አድርጎ ተገላገለ። ፕሌይስቴሽን 4 የተሠራው ፍሪቢኤስዲ በሚባል ሌላ ክፍት ሲስተም ላይ ነው፤ የፍሪቢኤስዲ ፈቃድ ኮድ መልስ አይልም፣ ቁልፍ ስጥም አይልም። ስለዚህ ስቶልማንም ልክ ነው፣ ቶርቫልድስም የሚለው ነገር አለው። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ከተባልኩ ወደ ስቶልማን አደላለሁ፣ ግን ቀኑን ሙሉ የምጠቀመው የቶርቫልድስን ነው።

አሁን ወደ ግዢው።

ራውተር፦ እዚህ ላይ አትደራደሩ

ራውተር ከሆነ ሦስተኛውን ዓይነት ግዙ። ያለ ማመንታት። ራውተር የባንክ አፕ የለበትም፣ ፎቶ የለበትም፣ ከተበላሸ በአንድ ሰዓት ይስተካከላል። ሲሠራ ግን የቤቱ ነገር ሁሉ በሱ ነው የሚያልፈው። አምራቹ ለርካሽ ራውተር ሁለት ዓመት አፕዴት ከሰጠ ብዙ ነው፤ ኦፕንደብሊውአርቲ አሥር ዓመት ለሞላው ዕቃ አዲስ ዕትም ሲያወጣ አይቻለሁ።

ጥቅሙ በኛ አካባቢ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ የፋይበር መስመር ለሦስትና ለአራት ቤት ማካፈል የተለመደ ነው። አንዱ ቤት ልጅ ቪዲዮ ወደ ቲክቶክ ሲጭን የሌላው ቤት ጥሪ ይቆራረጣል። ሁሉም ኢንተርኔቱን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም፤ ራውተሩ ፓኬቶቹን (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸውን እሽጎች) ረጅም ወረፋ ውስጥ ይከምራቸዋል፣ ትንሿ የድምፅ ፓኬት ከትልቁ ቪዲዮ ኋላ ቆማ ትቀራለች። ልክ ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ እንደምናየው። ኦፕንደብሊውአርቲ ላይ ኬክ የሚባል የወረፋ አያያዝ ዘዴ አለ። የመስመራችሁን ፍጥነት ትነግሩታላችሁ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ እሱ ለሁሉም ቤት ያዳርሳል። እኛ ብሎክ ላይ ይሄንን ካደረግኩ በኋላ የደረጃው ጭቅጭቅ ቀነሰ። በርካሾቹ የፋብሪካ ሶፍትዌር ላይ ይሄን አላገኘሁትም።

ስትገዙ ስሙን አትመኑ፣ ጀርባውን ገልብጡ። ከታች ባለው ተለጣፊ ላይ የሃርድዌር ቨርዥን የሚል ቁጥር አለ። በየቤቱ ያለው ቲፒሊንክ 841 ለምሳሌ አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ከአሥር በላይ ቨርዥን አለው፣ የብዙዎቹ ፍላሽ (ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበት ቺፕ) 4 ሜጋባይት፣ ራም 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። ያ ዛሬ አይበቃም። ቢያንስ 8 ሜጋባይት ፍላሽና 64 ራም ያስፈልጋል፣ እኔ ግን ከ16 እና 128 በታች አትግዙ እላለሁ። ኦፕንደብሊውአርቲ ድረ ገጽ ላይ የሚደገፉ ዕቃዎች ዝርዝር አለ። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ሞዴሉንና ቨርዥኑን ፈልጉ። የለም? መልሱት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም።

ምንም ሳትለፉ ክፍቱን መግዛት ከፈለጋችሁ ኦፕንደብሊውአርቲ ዋን የሚባል በ2024 መጨረሻ የወጣ ራውተር አለ። ከነሳጥኑ 89 ዶላር ነበር ሲወጣ። ራም 1 ጊጋባይት፣ በዚያ ላይ ዋናው ሶፍትዌር ቢበላሽ ለማዳኛ ብቻ የተቀመጠ፣ በስህተት የማይጻፍበት ሁለተኛ ፍላሽ አለው። እዚህ ለማግኘት ግን ከውጭ የሚመጣ ሰውና ሻንጣው ላይ ቦታ ያስፈልጋል።

ይቺን ሁለተኛ ፍላሽ የማደንቃት ያለ ነገር አይደለም። የመጀመሪያ ጊዜ ራውተር ፍላሽ ሳደርግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ስቀይር፣ ስክሪኑ ላይ የምትሞላው መስመር 60 በመቶ አካባቢ ደርሳ ሳለች፣ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ «እህ!» ሲል ይሰማኛል፤ እኔ ግን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የጠፋችውን አረንጓዴ መብራት አያለሁ። መብራቱ በሁለት ሰዓቱ መጣ። ራውተሩ አልመጣም። እንደ ዕድል ሆኖ ያ ሞዴል የማዳኛ መንገድ ነበረው፦ ኮምፒውተሩን በኬብል አገናኝቶ፣ ሪሴቱን ተጭኖ ይዞ እያበሩ ፋይሉን ቲኤፍቲፒ በሚባል የመላኪያ ዘዴ መላክ። እስከ እኩለ ሌሊት ታገልኩ። ከዚያ ወዲህ ያለ ባትሪ ፍላሽ አድርጌ አላውቅም፣ እናንተም አታድርጉ።

ከቴሌኮም ድርጅት የተሰጣችሁን የፋይበር ሳጥን ግን ተዉት። የተቆለፈ ነው፣ ንብረትነቱም የናንተ ላይሆን ይችላል። የራሳችሁን ራውተር ከሱ ኋላ አስቀምጡ፣ በቃ።

አምራቾች ራውተር ለምን ይቆልፋሉ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ሬዲዮው ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ዋይፋይ ከተፈቀደው ኃይልና ሞገድ እንዳይወጣ ሕግ ሲያጠብቅ አንዳንዱ አምራች ሬዲዮውን ብቻ መቆለፍ ትቶ ሁሉንም ቆለፈ። በነሐሴ 2016 ግን ያው ኮሚሽን ቲፒሊንክን 200,000 ዶላር ሲያስከፍል፣ የሌሎች ሶፍትዌር በራውተሮቹ ላይ እንዲሠራ ለማድረግ እንዲተጋ አስማምቶታል። ሬዲዮን መቆለፍና ዕቃውን መቆለፍ ይለያያሉ ማለት ነው።

ስልክ፦ እዚህ ላይ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ

ስልክ ላይ ከሦስት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ «ክፈቱት!» እላችሁ ነበር። ያኔ ቡትሎደሩን (ስልኩ ሲበራ የትኛው ሲስተም እንዲነሳ የሚፈቅደውን ፕሮግራም) ከፍቼ ላይኔጅ ኦኤስ የሚባል ክፍት አንድሮይድ ጭኜ እዞር ነበር። በ2016 መጨረሻ ሳያኖጅንሞድ ሲዘጋ ከሱ የተወለደ ነው፣ ጥሩ ሥራ ነው፣ አምራቹ የተወውን ስልክ ያነሳል። ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ነኝ። ሠላሳ ኪሎ ጤፍ ተፈጭቷል፣ ከረጢቱ ታስሯል፣ ፀጉሬ ሳይቀር ዱቄት ሆኗል። ኪሴ ያለው 40 ብር ነው። ስልኬን አውጥቼ የባንኬን አፕ ስከፍት «ይህ ስልክ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ብሎ ዘጋብኝ። ትናንት ይሠራ ነበር እኮ። በሌሊት አፕዴት ሆኖ ኖሯል። አፑ የሚጠይቀው ስልኩን አይደለም፣ የጉግልን ማረጋገጫ ነው፣ ማረጋገጫው ደግሞ ቡትሎደሩ ክፍት መሆኑን ያያል። ፈጪዋ «ልጄ፣ ነገ ታመጣለህ» አለችኝ። ኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ግን ያዩኝ ዓይን እስካሁን አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እሱ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለዋናው ስልካችሁ የምለው፣ ደመወዝ የሚገባበት፣ ዕቁብ የሚላክበት ስልክ ከሆነ ተቆልፎ ይቀመጥ። ሁለተኛውን ዓይነት ግዙ፣ ማለትም አንድሮይድ፣ ግን ለብዙ ዓመት አፕዴት የሚሰጠውን። ከ2023ቱ ፒክስል 8 እና ከ2024ቱ ጋላክሲ ኤስ24 ወዲህ አንዳንድ ውድ ስልኮች የሰባት ዓመት ቃል ይዘው ይመጣሉ። ርካሾቹ ላይ ግን ተስፋው አጭር ነው። የስልኩ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሊኑክስ ስለሆነ ኮዱን ማውጣት ግዴታቸው ነው፤ አንዳንዱ በጊዜው ያወጣል፣ አንዳንዱ ያዘገያል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያወጣም። ኮዱ ካልወጣ ደግሞ ስልኩ ሲያረጅ ላይኔጅም አይደርስለትም።

እዚህ ላይ ስለ ቁልፍ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ «ሎክ አለው? የለውም» ሲባባሉ ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። የሲም ሎክ አለ፤ አሜሪካ ያለው ዘመድ የላከው ስልክ የኛን ሲም አልቀበል ሲል። የአካውንት ሎክ አለ፤ ስልኩ ሲጠፋ የሰረቀው ሰው አጥፍቶ እንዳይጠቀምበት የሚያደርገው፣ አይፎን ላይ ከ2013፣ አንድሮይድ ላይ ከ2015 ጀምሮ። ይሄኛው የናንተ ወዳጅ ነው፣ አትጥሉት። ሦስተኛው የቡትሎደር ሎክ ነው፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው። ሲም ሎኩ የተፈታ ስልክ ቡትሎደሩ ላይፈታ ይችላል። በአንዳንድ የአሜሪካ ኦፕሬተሮች በኩል የተሸጡ ፒክስሎች ቡትሎደራቸው አይከፈትም፣ ያው ፒክስል በቀጥታ ከተገዛ ግን ይከፈታል። ለዘመዳችሁ ይሄንን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ለማወቅ ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» ግቡ፣ ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩ። ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል። እዚያ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚል ካለና ማብራት ከቻላችሁ ተስፋ አለ። ከሌለ ወይም እንደደበዘዘ ከቀረ፣ ያ ስልክ ብዙ ጊዜ የአምራቹ ሆኖ ይቀራል። ሁዋዌ ለምሳሌ በ2018 የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። ስትከፍቱ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ፤ ፎቶ ሳያስቀምጡ ከፍተው ያለቀሱ ሰዎች አሉ። የሚከፈቱት የሳምሰንግ ስልኮች ላይ ደግሞ ውስጡ ያለች ፊውዝ ትቃጠላለች፣ መልሳችሁ ብትቆልፉትም ሴኪውር ፎልደር ከዚያ በኋላ አይሠራም።

የልቤን የሚያደርስልኝ አንድ መንገድ አለ፣ ውድ ቢሆንም። ፒክስል ከፍታችሁ፣ የራሳችሁን ሲስተም ጭናችሁ፣ በራሳችሁ ቁልፍ መልሳችሁ መቆለፍ ትችላላችሁ። ግራፊንኦኤስ የሚባለው ክፍት አንድሮይድም ተጭኖ በዚሁ መንገድ ነው የሚቆለፈው፣ ቁልፉ የሠሪዎቹ ቢሆንም። ሌባም አይገባም፣ ፍላሽ የሚያደርግ ተንኮለኛም አይገባም፣ የማን ቁልፍ እንደሚሆን የምትመርጡት ግን እናንተ ናችሁ። ቁልፍን የሚጠላ ሰው አይደለሁም፤ የቤቴ በርም ቁልፍ አለው። የባንክ አፑ ግን እዚያም ላይ ሊያስቸግር ይችላል።

አሮጌው ስልካችሁ? እሱን ክፈቱት። ለልጅ መማሪያ፣ ለሙዚቃ፣ ለመኪና ይሆናል። የሚጠፋ ነገር የለም።

ካሜራ፣ ቲቪ፣ ሪሲቨር፣ ጌም

ካሜራ አሁን በየግቢው በር ላይ እየተሰቀለ ነው። የዘበኛ ወጪ ይቀንሳል ተብሎ ይገዛል። ውስጡ ብዙ ጊዜ ሊኑክስ ነው፣ ግን ያ ብቻውን አያድናችሁም። በ2016 ሚራይ የሚባል ቫይረስ በየዓለሙ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው እየገባ ሠራዊት አደረጋቸው። በጥቅምት 21 የድረ ገጾችን አድራሻ የሚመራውን ዳይን የሚባል ድርጅት አጥቅተው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አስቸገሩ። ክፍት ሶፍትዌር ነበራቸው፤ የሚያዘምናቸው ሰው አልነበራቸውም። ካሜራ ስትገዙ ያለ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚደረስበት የድርጅቱ ኮምፒውተር)፣ በሚሞሪ ካርድ ወይም በቤት ኮምፒውተር መቅዳት መቻሉን ጠይቁ፤ ኦንቪፍ ወይም አርቲኤስፒ የሚል፣ ማለትም ካሜራው ከሌላ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት የጋራ ቋንቋ፣ ካለበት ይበቃል። ፍሪጌት የሚባል ክፍት ፕሮግራም ቅጂውን ይይዝላችኋል። ክላውድ ብቻ የሆነውን አትግዙ። እኛ ጋ ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ዕውር ዘበኛ ነው የሚሆነው።

ቲቪ ላይ ብዙ አትጨነቁ። የኤልጂ ዌብኦኤስም የሳምሰንግ ታይዘንም ሊኑክስ ናቸው፣ ሁለቱም ተቆልፈዋል። በ2021 ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት የቲቪ አምራቹን ቪዚዮን ኮዱን አልሰጠም ብሎ በካሊፎርኒያ ከስሷል፤ የሚገርመው ክሱን ያቀረበው እንደ ኮድ ባለቤት ሳይሆን ቲቪውን እንደገዛ ሰው ነው። ለእናንተ ግን ምክሬ ጥሩ ስክሪን ያለውን ግዙ፣ ብልጠቱን ከውጭ ሰኩበት። ትንሽ ሳጥን በኤችዲኤምአይ፣ ኮዲ የሚባል ክፍት የቪዲዮ ማጫወቻ ተጭኖበት። ሳጥኑ ሲያረጅ ትቀይሩታላችሁ፣ ስክሪኑ ይኖራል።

ሪሲቨር ላይ ኢኒግማ2 የሚሠራ፣ ማለትም በሊኑክስ የሚሄድ፣ ካገኛችሁና አቅም ካላችሁ ያዙት። ካልሆነ ርካሹን ግዙ፣ ሲሞት ሌላ ግዙ። ሌላ የምለው የለኝም።

ጌም ኮንሶል ግን አንድ ታሪክ አለው። ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ ሊኑክስ መጫን ይፈቅድ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል ወደ 1,760 የሚጠጉ አገጣጥሞ ትልቅ ኮምፒውተር ሠርቶባቸዋል። ከዚያ ሚያዝያ 1 ቀን 2010 በመጣ አፕዴት ሶኒ ያንን አነሳው። ሰዎች ክፍት ብለው የገዙት ዕቃ ቤታቸው እንዳለ ተቆለፈ። ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁ ልጆች ይሄ አይመለከታችሁም፣ ለናንተ የሚያስፈልገው ኳሱ መሥራቱ ነው። ግን ክፍት ነው ተብሎ የተገዛ ነገር ላይ አፕዴት ከመጫናችሁ በፊት ምን እንደሚያነሳ አንብቡ።

ሱቅ ውስጥ

ሻጩን «ክፍት ምንጭ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። «አዎ» ነው የሚላችሁ፣ ምንም ብትጠይቁት። ሞዴሉን ከነቨርዥኑ ራሳችሁ ፈልጉ። ያገለገለ ዕቃ አትናቁ፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ራውተር ከአዲሱ የተሻለ የሚደገፍበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ፈታተው ለማወቅ ጊዜ አግኝተዋል። መመለስ ይቻላል ወይ ብላችሁም አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ደረሰኙን ያዙ።

ጎረቤቴ ሰኞ ዕለት አዲሱን ራውተር ይዞ መርካቶ ሄደ። ሻጩ ትንሽ ተነጫንጮ ለወጠለት። ይዞ የመጣው ያገለገለ አርቸር ሲ7 ነው፤ አንዱ አንቴና በፕላስተር ታስሯል፣ ጀርባው ላይ ግን ቨርዥን 5 ይላል፣ 16 ፍላሽ፣ 128 ራም። ፍላሽ ሳደርገው አሥር ደቂቃ አልፈጀም፣ በባትሪ ነው ያደረግኩት። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ እንዳለ ይሆናል ወይ፣ ልጆቹ ለምደውታል አለች። ይሆናል አልኳት።